ከኮዱ በፊት ያለው ደብተር

ፕሮግራመሮች ማርኬቲንግን ለሌላ ሰው መተው ይቀናናል። እኔ ግን የአንድ ሶፍትዌር ምርጥ ማስታወቂያ ገና ኮዱ ሳይጀመር፣ የደንበኛው ፍላጎት በሚጠናበት ደብተር ላይ ይገኛል ባይ ነኝ።

ይህን ያየሁት ካርቱም፣ ዐማራት ውስጥ ነው፤ ከአፍሪካ ጎዳና በስተምዕራብ፣ መንገዶቹ በቁጥር በሚጠሩበት ሰፈር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት ለሐበሻ ምግብ ቤቶች የትእዛዝና የሒሳብ ፕሮግራም እሠራ ነበር። አስተናጋጇ ትእዛዙን በዐረብኛ ትሰማለች፤ ወጥ ቤቱ በአማርኛ ያነባል። ዋናው ሥራ ሁለቱን ማገናኘት ይመስላል። የአንዱ ቤት ባለቤት ግን «ልጄ፣ እኔን የታከተኝ ማታ ማታ ሒሳብ ስዘጋ ከልጆቹ ጋር መነታረክ ነው» አሉኝ። ፕሮግራሙን ለሌሎች ቤቶች ሳስተዋውቅ በእሳቸው ቃል ጀመርኩ፦ ማታ ያለ ንትርክ ሒሳብ ይዝጉ። ሰው የራሱን ጭንቀት በራሱ አነጋገር ሲሰማ ቆም ብሎ ያዳምጣል።

እንዲህ ያለ ቃል የሚገኘው እንደ አጠያየቁ ነው። «ይህ ቢሠራልዎ ይጠቀሙበታል?» ቢባል ሐበሻው በይሉኝታ «እንዴታ!» ይላል፤ ሱዳናዊውም «ኢንሻአላህ» ብሎ ሻይ ያስቀዳል። ይገዙ እንደሆነ ግን ከዚህ አይታወቅም። «ትናንት ማታ እንዴት ዘጉ? ማን ነበረ? እስቲ ደብተሩን ያሳዩኝ» ሲባል ነው ነገሩ የሚገለጠው። ተሰርዞ እንደገና የተጻፈው ድምር፣ በዳር የተጫረው ዱቤ፣ ያኔ የሚያነሡት ስም፤ እኔ ያንን ሁሉ ቃል በቃል እጽፋለሁ።

ደንበኛው የሚሠራበት ገደብም ደብተሩ ላይ መጻፍ አለበት። አሜሪካ ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. በጣለችው የንግድ ማዕቀብ የተነሣ ቪዛና ማስተርካርድ ካርቱም ውስጥ ዋጋ አልነበራቸውም። «በካርድ ያስከፍላል» ማለት እዚያ ባዶ ወሬ ነበር። ኋላ ባለ ሱቁ የሚጠይቀው በስልክ ገንዘብ ስለሚተላለፍበት የባንክ መተግበሪያ፣ ስለ ባንካክ ነበር።

አዲስ አበባም ምሳሌ አላት። የታክሲ መጥሪያው የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ የሌሊት ታክሲን ስጋትና የዋጋ ክርክሩን ከራሷ ኑሮ ታውቀው ነበር። ራይድ ዘመናዊ ስልክ የሌለውንም ተሳፋሪ አልተወም፤ 8294 ደውሎ መኪና መጥራት ቻለ። ያው ቁጥር ማስታወቂያውም ሆነ።

ወደ ካርቱም ልመለስ፤ ዐማራት ውስጥ ከባለቤቶቹ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «መብራት ሲጠፋስ?» ነበር። ስለዚህ ላፕቶፔንም በባትሪ የምትሠራዋን ትንሽ ማተሚያም ሶኬት ላይ ሳልሰካ አንድ ትእዛዝ ተቀብዬ ደረሰኙን አትምላቸው ነበር፤ ስለ ዋጋ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነበር።