ሶንጎና ከተማ፤ ስለ ሲዳማ የሽማግሌ ሸንጎ በተጻፈው ላይ የቀረበ ሂስ

የሲዳማን ሕዝብ ሥርዐት ለማጥናት የተነሣ ሰው፣ አሜሪካዊው ሊቅ ጆን ሄመር በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ ሳያነብ ሊያልፍ አይገባውም። መጽሐፉ በሲዳማ ዘንድ ስለ ታየው ተሳትፎና ለውጥ የሚናገር ነው። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገርን እስከ ሐላሌ፣ ማለት እስከ እውነቱ ድረስ እንዴት እንደሚመረምሩ፣ በገጠር የተቋቋሙትም የመረዳጃ ማኅበሮች ይህንኑ የመመካከር ልማድ እንዴት እንደ ወረሱ በትዕግሥት ያሳያል። ነቀፋው የሚገባው ለደራሲው ሳይሆን ሥራውን እንደ መድኀኒት መጽሐፍ ገልጠው ለሚያነቡት ነው። እነርሱ የወጣቶችን አክራሪነትና ደም መፋሰስን ለመከላከል ሽማግሌዎችን መጥራት ይበቃል ይላሉ፤ ሶንጎ ለምን እንደሚከበር ግን አይጠይቁም።

ሶንጎ የሚከበረው ዳኞቹ በዕድሜ የገፉ ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም። በአፊኒ ሥርዐት «ሰምታችኋል ወይ?» እየተባለ ነገሩ ለሁሉ ከተሰማ በኋላ፣ ፍርዱን እንቢ ያለ ሰው ከሴራው ይወጣል። (ሴራ በሲዳማ ቋንቋ ያልተጻፈ የኑሮ ደንብ ነው እንጂ አማርኛ ተናጋሪው እንደሚጠረጥረው ተንኰል አይደለም።) ከሴራ የወጣውንም ጎረቤቱ አይተባበረውም። እንግዲህ የፍርዱ ኀይል ያለው በመገለል ፍርሀት ላይ ነው፤ መገለልም የሚያስፈራው በዳይና ተበዳይ የአንድ ደንብ ሰዎች ሲሆኑ ነው።

ሐዋሳ ግን በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር የተቈረቈረች፣ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌውና ኦሮሞው አጥር ለአጥር የሚኖሩባት ከተማ ናት። ፍቼ ጫምባላላ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ገባ። ስለ በዓሉ የሚነገረው ታሪክ፣ በየዓመቱ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን እየጠየቀች ለጎረቤት ታካፍል ስለ ነበረች ፍቼ ስለምትባል ሴት ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም. በዚሁ በዓል ሰሞን፣ በከተማዋ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ጠብ ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰውም ከቤቱ ተፈናቀለ። በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ጠፍቶ ነበር የሚል የለም። ነገር ግን ከሁለቱ ወገኖች ለአንዱ ሸንጎ የሆነው ለሌላው የባዕድ ጉባኤ ነበረ፤ ወጣቱም የራሱን ሽማግሌዎች ቢያፍር እንኳ፣ በሌላው ወገን ላይ ስለ ሠራው በደል ከሴራ እወጣለሁ ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት አልነበረውም።

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ፤ እርሱም መንግሥት ነው። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ስለ ከተማዋ አስተዳደር ሰልፍ በወጡ ሲዳማዎች ላይ በሎቄ ተኩስ የከፈተው የጸጥታ ኀይል እንጂ ወጣት አልነበረም። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ይታወጃል ተብሎ የተጠበቀው ክልልነት በዘገየ ጊዜም ደም ፈሰሰ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን ጥያቄው ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ምርጫው በሰላም ተፈጸመ። ሽማግሌ ልጁን ሊገሥጽ ይችላል፤ መንግሥት የከለከለውን ግን ሊሰጠው አይችልም። ይህን ሁሉ አክራሪነት በሚል አንድ ቃል መጠቅለል ነገሩን ከማስረዳት ይልቅ ይሸፍነዋል።

ሄመር ስለ ገጠር ማኅበሮች ያደረገውን ጥናት በከተማ የሚቀጥል ሰው ቢገኝ፣ መጀመሪያ ሊመለከተው የሚገባው የሰፈር እድርን ነው። እድርም እንደ ሴራ የሚያስፈራው በመገለል ነው፤ ከእድር የወጣ ሰው ቀባሪ የለውም። በሰፈር የተመሠረተ እንደ ሆነ ደግሞ ዘር ሳይለይ ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር በአንድ ድንኳን ያስቀምጣል። በትውልድ አገር የተመሠረተው ግን ያንኑ አጥር ያጠብቃል፤ ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ መቍጠር ያስፈልጋል። ደግሞም በእድር መዝገብ የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ነው። ድንጋይ የሚያነሣው ልጅ ስሙ በመዝገቡ የለም፤ ወርኀዊ መዋጮም አይከፍልም። አባቱ ስለ እርሱ ጥፋት በእድሩ ፊት ተጠይቆ ያውቅ እንደ ሆነ፣ የሐዋሳን የእድር ዳኞች ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ መጠየቅ ይገባል።