የሪታን ክፍያ ማን ከፈለ?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በቤተ መጻሕፍታችን «ኤዱኬቲንግ ሪታ» የተባለውን የእንግሊዝ ፊልም አይተን ነበር። ጄኔሬተሩ ሁለቴ ቢጠፋብንም ከወንበሩ የተነሣ ሰው አልነበረም። ፊልሙ የ1983 ነው (በፈረንጆች አቆጣጠር)። ዊሊ ራስል በ1980 ለመድረክ የጻፈውን ተውኔት ሉዊስ ጊልበርት ወደ ፊልም ያመጣው ሲሆን፣ ጁሊ ዎልተርስና ማይክል ኬን ይተውኑበታል።

ሪታ የ26 ዓመት ፀጉር ሠሪ ናት። ባሏ ልጅ ውለጂልኝ ይላል፤ እሷ ደግሞ መጀመሪያ ራሴን ላግኝ ብላ በኦፕን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ለመማር ትመዘገባለች። አስተማሪዋ ፍራንክ መጠጥ ያሸነፈው፣ ሥራው የሰለቸው ሰው ነው። የጁሊ ዎልተርስን ጥበብ ለማየት እንግሊዝኛውን ሁሉ መስማት አያስፈልግም። አነጋገሯ፣ አለባበሷ፣ አቀማመጧ ሳይቀር ቀስ በቀስ ሲለወጥ ይታያል። ባሏ መጻሕፍቷን ሲያቃጥል ከኋላ የተቀመጡት ሴት ተማሪዎቻችን «ወይኔ!» ብለው ጮኹ። እኔም አብሬ ጮኽኩ፤ እዚህ አንድ መጽሐፍ ለስንት ሰው እንደሚዞር እናውቃለና።

ፊልሙን ወድጄዋለሁ። ግን ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ገንዘቡስ? ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ፊልም ውስጥ ሪታ ደረሰኝ ስትቀበል፣ ሳንቲም ስትቆጥር፣ የመመዝገቢያ ቀን አልፎባት ስትለምን አላየሁም። ስለ ገንዘብ ትዝ የሚለኝ ወሬ የአስተማሪው ነው፦ ይህንን ተጨማሪ ሥራ የያዘው ለመጠጡ መክፈያ ነው! የተማሪዋ ግን በዝምታ ታለፈ።

ይህ ዝምታ ያሳሳተን ይመስለኛል። ከፊልሙ በኋላ በነበረው ውይይት ብዙዎቻችሁ «ቆራጥ ከሆንን እኛም እንችላለን» አላችሁ። ቆራጥነትማ መች ጠፋ! ቀን አስተምሮ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ልጅ አስተኝቶ በባትሪ የሚያነብ ሰው እኮ ነው እዚህ ያለው። ሪታን ያስተማራት ድፍረቷ ብቻ አይደለም። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል የመግቢያ ውጤት አልጠየቀም። ትምህርቱም በፖስታ፣ በቢቢሲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እቤት ድረስ ይመጣ ነበር። መንግሥት ስለሚደጉመው ክፍያው ዝቅ ያለ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተማሪው ሥራውን አይለቅም። ሪታ ጽሑፏን እዚያው ፀጉር ቤት ውስጥ ስትጽፍ ሳቅን እንጂ ክፍያዋ ያለው እዚያው እንደሆነ ልብ አላልንም። እንግሊዝ አገር በ2012 ክፍያው በጣም ሲጨምር፣ ብድር ቢመቻችም፣ እየሠሩ የሚማሩ አዋቂዎች ቁጥር ክፉኛ ቀነሰ። ድፍረታቸው በአንድ ዓመት የጠፋ አይመስለኝም።

የኛንም አገር አስታውሱ። በ2003 ወጪ መጋራት ሲመጣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ መጀመሪያ ተምሮ፣ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ተደረገ። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማረው የኤክስቴንሽን ተማሪ ግን እንደ ቀድሞው በየጊዜው ከኪሱ ነው። የቤተሰብ አስተዳዳሪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ወደ ካምፓችን ስንመጣ፣ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በ1992 የተጀመረው የዳፊ ስኮላርሺፕ ብዙ ወጣት ስደተኞችን ለዲግሪ አብቅቷል። ወጣት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሠላሳን ያለፈ ሰው የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው የዕድሜውን መስመር ነው። እኔም አንድ ጊዜ አራት ገጽ ቅጽ ከሞላሁ በኋላ መስመሩን መጨረሻው ገጽ ላይ አገኘሁት። ቅጹን ለማባዛት የከፈልኩት እስካሁን ይቆጨኛል።

ሪታን ይበልጥ ያስታወሰኝ ዳዳብ ላይ በ2013 የተጀመረው ፕሮግራም ነው። የኬንያዎቹ ኬንያታና ሞይ፣ የካናዳዎቹ ዮርክና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው የካምፕ መምህራንን ማስተማራቸውን ሳይተዉ ከሰርተፊኬት ወደ ዲፕሎማና ዲግሪ እንዲያልፉ አደረጉ። የትምህርት ክፍያ አልተጠየቁም። ኢንሴንቲቯም ብትሆን ትንሽ ናት፤ እሷ ስትቋረጥ ግን ነፃ የተባለው ትምህርት እንኳ ነፃ አይሆንም። ስለዚህ አዲስ ዕድል ወጣ ሲባል «ክፍያው ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ። ሥራዬን ሳልለቅ እማራለሁ ወይ? ትራንስፖርቱን፣ ምሳውን፣ የኢንተርኔት ካርዱን ማን ይችላል? ሳልጨርስ ባቋርጥ የተማርኩት ይቆጠርልኛል? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ፊልሙ በመጪው ቅዳሜ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይደገማል። ያላያችሁት ኑ፣ ያያችሁትም ድገሙት። በተለይ ፀጉር ቤቱን በደንብ እዩት።