ቬኒስና ብቸኛው መንገደኛ

ስለ ቬኒስ የሚጻፍ የጉዞ ማስታወሻ አንድ መልክ ይዞ ቀርቷል። ሰውየው ብቻውን ይሄዳል። ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ ደረጃውን ሲወርድ መኪና የለም፣ አስፋልት የለም፤ ያለው ውሃ ነው። ይደነቃል። ሁለት ቀን ይቆያል። በጠባቦቹ መንገዶች መካከል ይጠፋል፤ መጥፋቱም ደስ ይለዋል። ማታ ድልድይ ላይ ቆሞ ውሃው ውስጥ የሚንቀጠቀጠውን መብራት እያየ ስለ ጊዜ፣ ስለ ሞት፣ ስላልተሳካ ፍቅሩ ያስባል። በሦስተኛው ቀን አገሩ ገብቶ ይጽፋል። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቬኒስ የሚለውን ስም አውጥተህ ሐረር ወይም ላሊበላ ብትተካበት ከውሃው በቀር ምን ይጎድላል? ምንም!

ጥያቄያችን "ሁለት ቀን የቆየ ሰው ለምን ይጽፋል?" የሚል አይደለም። ዓይንና ጆሮ ላለው ሰው አንድ ቀንም ይበቃዋል። የሚያነጋግረን ብቸኝነቱ ነው። ብቸኝነቱን በሻንጣው ይዞ የሄደው መንገደኛው ራሱ ነው። ጽሑፉ ላይ ስናገኘው ግን የከተማዋ ባሕርይ ሆኖ ተለጥፎባታል። "ቬኒስ ሐዘንተኛ ናት"፣ "ቬኒስ ሕልም ናት"፣ "ቬኒስ እየሞተች ነው" ይባላል። እንዴ! ያዘነው ማነው? ያለመውስ? ይህን መምታታት ከታላላቆቹ ደራስያን ጀምረን እንፈትሽ። ትንንሾቹ የሚማሩት ከነሱ ነውና። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካዊው ሄንሪ ጄምስ በ1882 ስለ ቬኒስ ባወጣው ጽሑፍ ገና ከመነሻው ስለዚች ከተማ ያልተባለ ነገር እንደሌለ ያምናል። ካመነ በኋላ ግን ገጽ በገጽ ይጽፋል። ነገሩ ትሕትና ይመስላል፤ በተግባር ግን ፈቃድ ማውጣት ነው። ስለ ከተማዋ አዲስ ነገር ከሌለ ጸሐፊው ስለ ስሜቱ ቢያወራ ማን ይከለክለዋል? ጄምስ የብዕር ጌታ ስለሆነ ይሁን እንበል። በእሱ በር የገቡት ግን ብዕሩን አልያዙም፤ ፈቃዱን ብቻ ነው የያዙት።

"ታዲያ መድኃኒቱ ረዥም ጊዜ መቆየት ነው" የሚል ይኖራል። አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ራስኪን ሁለት የብርድ ወቅቶች ተቀምጦ፣ መሰላል ላይ እየወጣ፣ ዓምዱንና ቅስቱን እየለካ ከ1851 እስከ 1853 ባሉት ዓመታት "የቬኒስ ድንጋዮች" የተባለውን ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። መጀመሪያ ለዚህ ሥራ የደረሰው በኅዳር 1849 ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ከተማዋ በኦስትሪያ ጦር ተከባ፣ በመድፍ ተደብድባ፣ ተርባና ኮሌራ ገብቶባት እጇን ሰጥታ ነበር። የራስኪን ልብ ግን ከድንጋዩ ጋር ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሞተውን ድንጋይ ጠራቢ ከማንም በላይ ያከብራል። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ አንክድም። ሆኖም ከበባውን አልፎ በመስኮቱ ሥር ጀልባ የሚቀዝፈው ሰው ያን ያህል ቦታ አላገኘም። ስለዚህ ችግሩ የቀኑ ቁጥር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ ቶማስ ማን "ሞት በቬኒስ"። የብቸኛ መንገደኛ ድርሰት ሁሉ አባት ይህ ነው። ጀርመናዊው ደራሲ በ1911 ቬኒስ ሲሄድ ብቻውን አልነበረም፤ ሚስቱ ካትያና ወንድሙ ሃይንሪሽ አብረውት ነበሩ። በ1912 በወጣው ድርሰት ውስጥ ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ አሸንባኽ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጁን የዳረ፣ ከሰው የማይቀላቀል ሽማግሌ ደራሲ ነው። እንግዲህ ብቸኝነቱ በድንገት የመጣ ሳይሆን ታስቦበት የተፈጠረ ነው። ለምን አስፈለገ?

አሸንባኽ በአንድ ፖላንዳዊ ልጅ ውበት ተይዞ ከሆቴሉ መነሳት ያቅተዋል። በመንገዶቹ ላይ የመድኃኒት ሽታ ይሸተዋል። "ምንድነው?" ብሎ ይጠይቃል። ባለሱቁም ሌላውም "ምንም አይደል፣ የአየሩ ሙቀት ነው" ይሉታል። በመጨረሻ አንድ የእንግሊዝ የጉዞ ወኪል ጸሐፊ እውነቱን ይነግረዋል። ኮሌራ ገብቷል፤ ሹማምንቱ የሚደብቁት እንግዳው ሸሽቶ ገቢው እንዳይቀር ነው። (ኮሌራው የደራሲው ፈጠራ አይደለም፤ በ1911 በእርግጥ ከተማዋ ገብቶ ነበር።) አሸንባኽ ይህን ካወቀ በኋላ የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው፤ የልጁን እናት "ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ" ማለት። አይላትም። ልጁ ከዓይኑ እንዳይርቅበት ዝም ይላል። ብቸኝነት እዚህ ላይ ጌጥ አይደለም፤ ሰው ሊያስገድል የሚችል ዝምታ ነው። ከተማው ለገንዘብ ይዋሻል፣ እንግዳው ለምኞቱ ዝም ይላል፤ ሁለቱ ይገናኛሉ። የማን ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። ብቸኛውን መንገደኛ አላሞገሰውም፤ ከሰሰው እንጂ። ቅጂ አውጪዎቹ ግን የባሕሩን ዳርቻና የጀምበሩን መጥለቅ ወስደው ክሱን እዚያው ትተውት መጡ።

ይህም ሆኖ ማንን ዝም ብለን አናልፈውም። በድርሰቱ ውስጥ ቬኒሳውያኑ ምን ይሠራሉ? ይቀዝፋሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ያታልላሉ። በቬኒስ ምድር ላይ እውነቱን የሚናገረው ቬኒሳዊ አይደለም፤ እንግሊዛዊ ነው! ከሳሹ ደራሲ እንኳ ለከተማው ሰው አንድ ቀና ዓረፍተ ነገር አልሰጠውም።

ቀጥሎ ጆሴፍ ብሮድስኪ አለ። የሱ ብቸኝነት በትኬት የተገዛ አይደለም፤ በ1972 ከአገሩ ከሶቪየት ኅብረት የተባረረ ገጣሚ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቬኒስ ሄደ፤ ከዚያም በኋላ በብርዱ ወራት ደጋግሞ ተመላለሰ። ስለ ከተማዋ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ መጀመሪያ በ1989 በጣሊያንኛ፣ በኋላ በ1992 "ዋተርማርክ" ተብሎ በእንግሊዝኛ ወጣ። ስለ ውሃ፣ ስለ ጭጋግ፣ ስለ ዓይን የጻፈው እጅግ ያምራል። ግን ብርዱን የመረጠው ሰው ስለሚቀንስ ጭምር ነው። መጽሐፉን ያዘዘው ደግሞ ከተማዋን ከማዕበል የሚከላከለውን የባሕር መዝጊያ እንዲሠራ የተቋቋመው የተቋራጮች ማኅበር፣ ኮንሶርሲዮ ቬኔትሲያ ኖቫ ነው። በ2014 በዚሁ ሥራ ዙሪያ የጉቦ ቅሌት ወጥቶ ባለሥልጣኖችና ነጋዴዎች ታሰሩ፤ መዝጊያው ራሱ ማዕበል ለመግታት መጀመሪያ የተነሣው በጥቅምት 2020 ነው። ብሮድስኪ ተገዛ ማለታችን አይደለም፤ ቅሌቱ የወጣው እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የምንለው ሌላ ነው። ሰው የሌለባት ውብ ከተማ ማንንም ስለማታስቀይም ለሥራ ተቋራጭም ለስጦታ ትመቻለች።

እስቲ ሰውን እንቁጠር። በ1951 በአሮጌው ከተማ ወደ 175 ሺህ ሰው ይኖር ነበር። በኅዳር 1966 ውሃው 194 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ብዙ ምድር ቤት አጠፋ። ከዚያም የቤት ኪራይ፣ የሥራ ማጣትና የቱሪስት ማደሪያ ተደማምረው ሰውን አስወጡት። በ2022 ቁጥሩ ከ50 ሺህ በታች ወረደ። ሪያልቶ ድልድይ አጠገብ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት በ2008 የነዋሪውን ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ መስኮቱ ላይ ሰቀለ። በሚያዝያ 2024 ደግሞ ከተማዋ ውለው የሚመለሱትን ጎብኚዎች በተመረጡ ቀኖች 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረች። አሁን ወደ መንገደኛችን እንመለስ። ማታ ድልድይ ላይ ቆሞ "ምንኛ ጸጥ ያለ ነው!" ይላል። ጸጥታው እኮ የወጡ ሰዎች ጸጥታ ነው። ያደረባት ክፍልስ ቀድሞ የማን ቤት ነበረች? ይህን ጥያቄ ያነሣ ማስታወሻ ስንት አለ?

የከተማው ልጅ ሲጽፍ እንዴት እንደሚለይ ለማየት የቲዚያኖ ስካርፓን "ቬኒስ ዓሣ ናት" የተባለ የ2000 መጽሐፍ መመልከት ይበቃል። ስካርፓ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። መጽሐፉን በሰው አካል ከፋፍሎታል። በእግር ይጀምራል፤ ቀጥሎ ቅልጥም፣ ልብ፣ እጅ፣ ፊት፣ ጆሮ፣ አፍ፣ አፍንጫ ይመጣሉ። ዓይን ከአካላቱ የመጨረሻው ነው። እንግዳ ጸሐፊ በዓይን ጀምሮ በዓይን ይጨርሳል። ነዋሪው ግን ቬኒስን መጀመሪያ የሚያውቃት ድልድይ ወጥቶ ሲወርድ በሚደክመው እግሩ ነው። ስካርፓም "ጥፋ፣ ካርታውን ተወው" ይላል፤ ግን እንዲያልም ሳይሆን ሰው ወደሚኖርበት ሰፈር እንዲደርስ ነው። አንዱ ምክር በሁለት አፍ ሁለት ነገር ይሆናል።

የኛ ሰዎችም በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉበት። በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በቬኒስ ሐይቅ ባለችው በሳን ሚኬሌ ደሴት ገዳም ተቀምጦ ትልቅ የዓለም ካርታ ሠራ። ካርታው ላይ በጻፈው ማስታወሻ ስለ ሐበሻ ምድር ያወቀው ከዚያው ከተወለዱ ካህናት እንደሆነና አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን በገዛ እጃቸው እንደሣሉለት ይመሰክራል። አባይና አዋሽ በካርታው ላይ አሉ። ስማቸው ያልተጻፈው እነዚያ ካህናት ከአገራቸው የወጡ መንገደኞች ነበሩ። ምን ያህል እንደ ናፈቁ፣ ምን ያህል እንደ በረዳቸው አልተረፈልንም። የተረፈልን ከሌላ አገር ሰው ጋር ቁጭ ብለው መነጋገራቸው ነው። ብሮድስኪ በ1996 ከሞተ በኋላ የተቀበረው በዚያችው በሳን ሚኬሌ ነው።

እንግዲህ የጉዞ ማስታወሻ ለማውጣት ያሰባችሁ ጓደኞች፣ ቬኒስም ሆነ ጎንደር፣ ከማባዛታችሁ በፊት ጽሑፉን በሦስት ጥያቄ ፈትኑት። በውስጡ ከናንተ ሌላ የሚናገር ሰው አለ ወይ? ካለስ ለናንተ ከማገልገል ያለፈ ነገር ይናገራል ወይ? ያያችሁት ውበት ማን ከፍሎበት የመጣ እንደሆነ ጠይቃችኋል ወይ? ሦስቱም "የለም" ከሆኑ ጽሑፉ የጉዞ ማስታወሻ አይደለም፤ ለራስ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውንም ቢሆን ጻፉት፤ ክፉ አይደለም። ግን ርዕሱ ላይ የከተማዋን ስም አትጻፉበት።