ማጠብ ወይስ መለወጥ? በናፍጣ መኪና የጥገና ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላትን ስንሰበስብ ዘወትር የምንደክመው ለዕቃዎች ስም በማውጣት ነው። ለድርጊቱ ግን የዕለት ተዕለቱ ግስ ይበቃል ብለን እናልፋለን። በዚህ ጽሑፍ የናፍጣ መኪና ባለቤት በቤቱ የነዳጁን መስመር ሲያጸዳና ሲንከባከብ የሚያስፈልጉትን ቃላት እንመረምራለን። ዋና ሐሳባችንም ስሕተትና አደጋ የሚያስከትለው ከስሙ ይልቅ ግሱና ፍቺው መሆኑን ማሳየት ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሞቹ ጥቂት እንበል። ሳልባትዮ፣ ፖምፓና ፊልትሮ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ ሜካኒኩም ሾፌሩም ያውቃቸዋል። እነዚህን ከግእዝ ሥር በተቀረጹ አዳዲስ ስያሜዎች መተካት ጥቅሙ አይታየንም። ናፍጣም ቢሆን ባዕድ ከመሆን አልፎ ቤተኛ ሆኗል፤ እንዲያውም የነፍጥ የሩቅ ዘመድ ነው። ነፍጥ በዐረብኛ መጀመሪያ ተቀጣጣይ የምድር ዘይትን፣ ቀጥሎም ባሩድን ያመለከተ ቃል ሲሆን፣ ወደ እኛ ቋንቋ ሲገባ የጠመንጃ ስም ሆኖ ቀርቷል።

ሆኖም በኬሚስትሪ ናፍታ የሚባለው በሳልባትዮ የምንሞላው ናፍጣ አይደለም፤ እንደ ቤንዚን ፈጥኖ የሚተን ቀላል ፈሳሽ ነው። የናፍጣ ተን በእሳት ብልጭታ የሚያያዘው ፈሳሹ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማም ቢሆን ይያያዛል። ስለዚህ ተርጓሚ በማጠቢያ ፈሳሽ ጣሳ ላይ ያገኘውን ናፍታ «ናፍጣ» ብሎ ቢያስተላልፍ፣ አንባቢውን በደጁ ለቃጠሎ ያጋልጠዋል። በበኩላችን ናፍጣ ለሞተሩ ነዳጅ ብቻ እንዲጸና፣ ሌላው «ፈጥኖ ተቀጣጣይ ናፍታ» ተብሎ እንዲለይ እናሳስባለን።

አሁን ወደ ግሶቹ እንለፍ። «ማጽዳት» የሚለው ቃል ሰፊ ነው፤ መጥረግን፣ መወልወልንና ማጠብን ሁሉ ይይዛል። በነዳጁ መስመር ላይ ግን እያንዳንዱ አካል የራሱ ሥርዐት አለው። ሳልባትዮ ዝቃጩ ወጥቶ ይታጠባል። የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም፤ ይለወጣል። ቢታጠብ ወረቀቱ ይጎዳና ያቆየውን ቆሻሻ ወደ ፖምፓው ያሳልፋል፤ በፖምፓው ውስጥ ደግሞ በተፋታጊዎቹ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት በማይክሮን የሚቆጠር ነው። ስለዚህ «ፊልትሮውን ያጽዱ» የሚል ትእዛዝ በሰዋስው ረገድ ነቀፋ ባይኖርበትም በሙያው ረገድ ጥፋት ነው።

«ማፍሰስ»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከፊልትሮው ግርጌ ይዘቅጣል፤ ባለቤቱም በየጊዜው ሊያወጣው ይገባል። ነገር ግን «መኪናው ናፍጣ ያፈሳል» ስንል ብልሽት መናገራችን ነው። ስለዚህ «ከሥር ማፍሰሱን ያረጋግጡ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ትእዛዝ ይሁን ማስጠንቀቂያ አይለይም። ሆን ተብሎ ለሚደረገው «ማንጠፍጠፍ» ቢባል፣ «ማፍሰስ» ለብልሽቱ ይቀራል። እናቶቻችን ከጋን ሥር የቀረውን ሲጨርሱ የኖሩበት ግስ ነውና ትርጉሙ ለማንም አይጠፋም።

ፊልትሮው ከተለወጠ በኋላ በመስመሩ የቀረውን አየር ማውጣት ያስፈልጋል። አየር ስለሚታመቅ የፖምፓው ግፊት ከንቱ ይቀራል፤ ሞተሩም አይነሣም። ይህን ድርጊት የእንግሊዝኛውን ግስ ተከትሎ «ማድማት» ማለት አስቂኝ ነው፤ «አየር ማስወጣት» ይበቃል። ፍቺው ግን ሥራው የሚፈቀደው በዝቅተኛው ግፊት መስመር ብቻ መሆኑን መጨመር አለበት።

በመጨረሻ ለኢንጀክተር «መርጫ» የሚለውን ስያሜ እናንሣ። ቃሉ በአሠራሩ የተስተካከለ ነው፤ ዳሩ ግን አንባቢ ወዲያው የሚያስበው የተባይ መድኃኒት የሚረጭበትን የእጅ መሣሪያ ነው። በዛሬዎቹ ሞተሮች ግፊቱ ከ2,000 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ የሚወጣው የናፍጣ ጭረት ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳው ጥቃቅን ቢመስልም ጉዳቱ አስቸኳይ ሕክምና የሚሻ ነው። ስለዚህ ኢንጀክተር የሚለው ቃል እንዳለ ይቆይ፤ ፍቺውም «ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞተሩ የሚወጋ መሣሪያ፤ ሞተሩ ሲሠራ የማይፈታ» ይባል እንላለን።

ከዚህ የምንረዳው የሙያ መዝገበ ቃላት ስምን ከነግሱ መያዝ እንዳለበት ነው። ፊልትሮ በሚለው ቃል ሥር «ይለወጣል»፣ በሳልባትዮ ሥር «ይታጠባል»፣ በውሃው ሥር «ይንጠፈጠፋል» ተብሎ ቢጻፍ፣ መዝገቡ ከመደርደሪያ ወርዶ ከመፍቻው ጎን ይቀመጣል። በየጋራዡ የሚነገሩ ሌሎች ግሶችን የሚያውቁ አንባብያን በዚህ ዝርዝር ላይ እንዲጨምሩበት እንጋብዛለን።