ቁልቢ ምን ብለን ተሳልን?

የድሮው ባቡር የቁልቢን ተጓዥ እዚያው ከዚራ፣ ከተማው መሃል ያወርደው ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ግን ከከተማው አርቆ መልካ ጀብዱ በኩል ነው የሚጥለው። ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከዚያ የደንገጎ ጠመዝማዛ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረቡ ይህንን ድካም ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም።

ዜናችንም የታወቀ ነው። በዓሉ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በሰላም ተከብሮ ዋለ። ስንት መኪና እንደገባ፣ ምን ያህል ጃንጥላና ወርቅ ለስለት እንደቀረበ እንሰማለን። መቼም የእኛ ሰው ቁጥር ከሰማ ነገሩ የገባው ይመስለዋል። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምን ብሎ እንደተሳለ ግን ጠያቂ የለም።

ስለት ጥንትም የጭንቅ ልጅ ነው። ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ለገብርኤል ተስለው፣ ከ1888ቱ ድል በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይነገራል። የእሳቸው ጭንቀት ጦርነት ነበር። የዛሬው ተሳላሚስ?

እስቲ ከተጓዦቹ ጋር ሻይ ይዛችሁ አዳምጡ። አንዷ ስንት ዓመት መካን ተብላ ኖራ ዛሬ ልጇን ልታስጠምቅ መጥታለች። የሌላዋ ልጅ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር፤ ደወለች። አንዱ ዓመታት የተጓተተ የቤት ክርክር አለበት። ወጣቱ ሥራ፣ ጓደኛው ቪዛ። ክርስቲያኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሙስሊሙም ተስሎ ይመጣል። ይህንን ሁሉ ተራ በተራ ብትጽፉት ሐኪም ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ኤምባሲውና ቀጣሪው ባዶ እጁን የመለሱት ሰው መዝገብ ይወጣችኋል።

ድንጋይ ተሸክሞ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ዳገቱን የሚወጣውን አይተው የሚስቁ የተማሩ ወዳጆች አሉኝ። እኔ አልስቅም። ሞኝ ከማለታችን በፊት የትኛውን በር አንኳኩቶ እንደተከፈተለት ብንነግረው ጥሩ ነበር።

ደግሞ ባለጉዳይ ሲያመላልስ የከረመው ሹምም አይቀርም፤ በላንድክሩዘር ይመጣል። እሱም ተስሏል፣ ወንበሩን እንዳይነጠቅ። ጃንጥላው ከሁሉም ይበልጣል። ድንጋይ የተሸከመውን ሰውዬ ግን፣ ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ በመልክ እንኳ አያውቀውም።