አድራሻው የተጻፈ ድንጋይ

ጉናሪተስ የተባለውን አሞናይት ከጎን በሚመጣ ብርሃን የሚመለከት ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በዛጎሉ ሸንተረሮች ላይ ነው። ሸንተረሮቹ ከጥምዙ መሃል ተነሥተው ወደ ውጭው ጠርዝ ይወርዳሉ። ራቅ ብለው ሲያዩዋቸው ለስላሳ ይመስላሉ፤ በአጉሊ መነጽር ሲቀርቧቸው ግን በየሸንተረሩ ጀርባ ላይ ደቃቅ ጥርሶች ተደርድረው ይታያሉ። ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ በአንታርክቲካ ምድር ተቀብሮ የኖረ ዛጎል ይህን ያህል ረቂቅ ነገር ሳይፋቅ ማቆየቱ ያስደንቃል።

የላይኛው ቅርፊት በተላጠበት በኩል ደግሞ ሌላ ሥራ ብቅ ይላል። አሞናይት የስኩዊድና የኦክቶፐስ ዘመድ ነው። እንስሳው የሚኖረው በዛጎሉ የመጨረሻ ሰፊ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ እያደገ ወደፊት በተጠጋ ቁጥር ከኋላው ግድግዳ እየሠራ የለቀቀውን ክፍል ይዘጋዋል። ግድግዳዎቹን በስቶ የሚያልፍ ቀጭን ቱቦ ከተዘጉት ክፍሎች ፈሳሹን እየመጠጠ ያወጣል፤ በፈሳሹ ቦታ ጋዝ ይገባል፤ እንስሳውም ሳይሰምጥ ውኃ ውስጥ ይንሳፈፋል። ግድግዳው ከዛጎሉ ጋር የሚገናኝበት መስመር ቀጥ ያለ አይደለም። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ እንደሚሣል ሐረግ እየታጠፈ፣ እየተከፈለ፣ ከቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ እያወጣ ይሄዳል። የአስተጣጠፉ መልክ ከወገን ወገን ስለሚለያይ፣ ባለሙያዎች የአሞናይትን ዘር ከሚለዩባቸው ዋና ምልክቶች አንዱ ይኸው መስመር ነው።

ዛጎሉን ከድንጋዩ የሚያወጣው ሰው ሥራም ምስጋና ይገባዋል። አሞናይቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጠጠረ ድንጋይ ተጠቅልሎ ነው። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ሥር ሆኖ፣ በታመቀ አየር በሚንቀጠቀጥ ቀጭን መርፌ ድንጋዩን በቅንጣት በቅንጣት ያነሣዋል። መርፌው በጥቂቱ ከሳተ ያ ሁሉ ዘመን ያለፈው ጥርስ በሴኮንድ ይሰበራል። በደንብ የተሠራ ናሙና ላይ የመርፌው ዱካ አይታይም።

እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ አስበልጬ ላመሰግነው የምፈልገው ሌላ ሥራ ነው፤ ከናሙናው ጋር የሚቀመጠው ትንሽ ጽሑፍ። በላዩ ላይ የሚሰፍረው የቦታው ስም፣ የንብርብሩ መለያና ከንብርብሩ መነሻ ያለው ከፍታ በሜትር ነው። ይህ ጽሑፍ የሌለው አሞናይት፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ጽሑፉ ያለው ስባሪ ግን ምስክር ነው። በዋልታዎቹ አካባቢ የትኛው አሞናይት የት እንደኖረና መቼ እንደጠፋ የምናውቀው በእነዚህ ጽሑፎች ትክክለኛነት ልክ ነው።

ሲሞር ደሴትን እንይ። ከአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት ሰሜናዊ ጫፍ በስተምሥራቅ፣ በ64 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ ላይ ትገኛለች። አብዛኛው የአንታርክቲካ ምድር በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ እሷ ገላጣ ናት። ኖርዌያዊው የዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴን ካርል አንቶን ላርሰን እ.ኤ.አ. በ1892 እዚያ ወርዶ ቅሪተ አካላት ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ በኦቶ ኖርደንሾልድ የተመራው የስዊድን ጉዞ ከ1902 እስከ 1903 በአካባቢው ቆየ። ላርሰን ራሱ ይመራት የነበረችው የጉዞው መርከብ በየካቲት 1903 በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች፤ ሰዎቹን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የአርጀንቲና መርከብ ደርሳ አዳነቻቸው። ይህ ሁሉ መከራ አልፎ ድንጋዮቹ አውሮፓ ደረሱ፤ ፈረንሳውያኑ ቪልፍሪድ ኪሊያንና ፖል ረቡል የሲሞርንና የስኖው ሂል ደሴትን አሞናይቶች መርምረው በ1909 መግለጫቸውን አሳተሙ። የዘመኑ ዋና ጥያቄ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ነበር፤ እነሱም በሚገባ መለሱት።

«በትክክል ከየት?» የሚለው ጥያቄ በጥልቀት የተጠየቀው በ1980ዎቹ ነው። የደሴቲቱ ንብርብሮች በመጠኑ ያዘነበሉ ስለሆኑ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚራመድ ሰው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ዘመን ይሸጋገራል። አሞናይቶቹ ያሉበት የሎፔዝ ደ ቤርቶዳኖ ንብርብር ውፍረቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ካርሎስ ማሴላሪ፣ ዊልያም ዚንስማይስተርና ባልደረቦቻቸው ይህን ሁሉ ውፍረት እየለኩ፣ እያንዳንዱን ዛጎል ከተገኘበት ከፍታ ጋር እያያዙ መዘገቡ። ማሴላሪ የደሴቲቱን አሞናይቶች በ1986 ባሳተመው ሥራ እያንዳንዱ ዝርያ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አሳየ።

የዚህ ልፋት ዋጋ ቆይቶ ታየ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት አስትሮይድ ምድርን በመታ ጊዜ የረገፈው የኢሪዲየም ብናኝ በሲሞርም ተገኝቷል። አሞናይቶቹ ግን ሁሉም እስከዚያ ንብርብር ድረስ አይታዩም፤ አንዱ ቀደም ብሎ፣ ሌላው ዘግይቶ ያበቃል። ታዲያ አስትሮይዱ ሳይመጣ ገና ቀስ በቀስ እያለቁ ነበር ማለት ነው? እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ የመጨረሻው የተገኘ ዛጎል የመጨረሻው በሕይወት የነበረ እንስሳ አይደለምና። በየሁለት ሜትሩ ሲገኝ የቆየ ዝርያ በድንገት ካቆመ ፍጻሜው ቅርብ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። በየሠላሳ ሜትሩ አንዴ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ግን ከመጨረሻው ናሙና በላይ ብዙ ሜትር ሳይገኝ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪው ቻርልስ ማርሻል በ1995 ይህን አስተሳሰብ ወደ ሒሳብ ለውጦ በአስር የሲሞር ዝርያዎች ላይ ሞከረው። አሞናይቶቹ በኢሪዲየሙ ንብርብር አካባቢ በአንድነት ጠፉ ቢባል መረጃው እንደማይቃወም አሳየ፤ ቀስ በቀስ መጥፋታቸውንም ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። ይህን ስሌት መሥራት የተቻለው በሁለት ዛጎሎች መካከል ያለው ክፍተት በሜትር ተለክቶ ስለተጻፈ ነው። ሰብሳቢዎቹ «ከሲሞር ደሴት» ብለው ብቻ ቢያልፉ ኖሮ የሚሰላ ነገር አይኖርም ነበር። በ2016 ጄምስ ዊትስና ባልደረቦቹ ከ6000 በላይ የባሕር ቅሪተ አካላትን መዝግበው ባሳተሙት ጥናት ከዝርያዎቹ ከ65 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በዚያው ወሰን ላይ በድንገት መጥፋታቸውን አረጋገጡ።

የካርታው ሥራም በዚሁ ጥንቃቄ ላይ ይቆማል። ጉናሪተስና ማኦሪተስ የተባለው ሌላ አሞናይት ያሉበት ቤተሰብ በክሪቴሺየስ ዘመን መጨረሻ በአንታርክቲካ፣ በፓታጎኒያ፣ በኒውዚላንድና በደቡብ ህንድ ይገኛል። ይህን ስርጭት ያየ ሰው የደቡቡን ባሕር አንድነት ወዲያው ይረዳል። ነገር ግን ጋዝ የሞላው ዛጎል ባለቤቱ ከሞተ በኋላም ይንሳፈፋል። ዛሬ በሕይወት ያለው ናውቲለስ ሲሞት ባዶ ዛጎሉ ከኖረበት ባሕር እጅግ ርቆ ይጣላል። ስለዚህ አንድ ዛጎል አንድ ቦታ መገኘቱ እንስሳው እዚያ መኖሩን አያረጋግጥም። ጥሩ ሠራተኛ በካርታው ላይ ነጥብ ከማስቀመጡ በፊት ብዙ ይጠይቃል፤ ሕፃኑና አዋቂው አብረው አሉ? በተከታታይ ንብርብሮች ደጋግሞ ይታያል? ብዛቱስ? በአንዲት ነጥብ ጀርባ ይህ ሁሉ ማመሳከር አለ።

በሰሜኑ ዋልታ በኩል የካናዳዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ የቲም ቶዘር ሥራ ከዚህ ጋር ይነጻጸራል። በኤልስሜርና በአክሰል ሃይበርግ ደሴቶች ያሉ ጅረቶች በሸረሸሩት ድንጋይ ውስጥ የትራያሲክ ዘመን መጀመሪያ አሞናይቶችን በቅደም ተከተል መዘገበ። ጅረቶቹ በግሪስባክ፣ በዲነር፣ በስሚዝና በስፓዝ ስም ተጠርተዋል፤ ሁሉም የአሞናይት ሊቃውንት ነበሩ። ቶዘር በ1965 ከእነዚህ ጅረቶች ስም ተነሥቶ አራት የዘመን ክፍሎችን ሰየመ፤ ግሪስባኪያን፣ ዲነሪያን፣ ስሚዚያንና ስፓዚያን። ኦቶሴራስ ቦርያለ የተባለው ዝርያ በአክሰል ሃይበርግ፣ በምሥራቅ ግሪንላንድ፣ በስቫልባርድና በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ ስለሚገኝ፣ ዛሬ በባሕር የተለያዩት እነዚህ አገሮች ንብርብራቸው በአንድ ልክ ይነበባል። የቅርብ ዘመዱ በሂማላያ መኖሩ ደግሞ የዋልታውን አቆጣጠር ከሞቃቱ ባሕር አቆጣጠር ጋር ያገናኘዋል። ሰው የማይኖርባቸው የአርክቲክ ጅረቶች ስም ዛሬም በመላው ዓለም የትራያሲክ ተመራማሪዎች አፍ ላይ አለ። ያስከበራቸው የመዝገቡ ጥራት ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ እኔን የሚማርከኝ ትዕግሥቱ ነው። ንፋስ በሚገርፈው ዳገት ላይ ቆሞ፣ የደነዘዘ ጣት ይዞ፣ ለማንም የማያምር ስባሪ አንሥቶ «ከዚህ ንብርብር፣ ከዚህ ከፍታ» ብሎ መጻፍ ጭብጨባ አያስገኝም። የሚጽፈው ሰው ጽሑፉ ለምን ጥያቄ መልስ እንደሚሆን እንኳ አስቀድሞ ላያውቅ ይችላል። ማርሻል ስሌቱን የሠራው ሌሎች በጻፉት ቁጥር ነው። ከኋላ የሚመጣ፣ ገና ያልታወቀ ሰው እንዲጠቀምበት ብሎ ዛሬ በትክክል መመዝገብ ከፍተኛ የሙያ ታማኝነት ነው።

ይህ ለእኛም ይሠራል። በትግራይ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የጁራሲክ ባሕር ቅሪተ አካላት አሉ፤ እረኛም ተማሪም መንገደኛም ሊያገኛቸው ይችላል። ካገኛችሁ ለማንሣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ፎቶ አንሡ፣ የቦታውን ስም ጻፉ፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያም በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ትምህርት ክፍል አሳውቁ። ከስፍራው የተነሣ ድንጋይ አድራሻው ካልተጻፈ፣ በኋላ ማንም ሊመልስለት አይችልም።