«ያልተፈታ» ሰዓት፦ በአንድ የገበያ ቃል ላይ የቀረበ ሒስ

በፉሪ ያገለገለ የእጅ ሰዓት ሲሸጥ ከሰማናቸው የሙገሳ ቃላት አንዱ «ያልተፈታ» የሚለው ነው። ቃሉ ከአሮጌ መኪና ገበያ የተወሰደ ይመስለናል፤ በዚያ «ሞተሩ አልተፈታም» ሲባል ከባድ ብልሽት አልደረሰበትም ማለት ነው። ወደ ሰዓት ሲዛወር ግን ሐሳቡ ይዛባል። በስፕሪንግ የሚሠራ ሰዓት ዘይቱ ከዓመታት በኋላ ስለሚደርቅ፣ በየጊዜው ተፈትቶ ሊጸዳና ዘይት ሊቀባ ይገባዋል። ስለዚህ ሃያ ዓመት አገልግሎ «ያልተፈታ» ሰዓት የዘንጎቹ ጫፎች በደረቁ ሲፋተጉ የኖሩ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ለጉድለቱ ዋጋ ይጨምራል ማለት ነው።

በእርግጥ ሻጩ ለማለት የፈለገው ብዙውን ጊዜ «ዕቃው አልተለወጠም» ነው። ተርጓሚ ግን ቃሉን እንዳለ ቢቀበል፣ «ክፍሎቹ የፋብሪካው ናቸው» እና «ጥገና አላገኘም» የሚሉትን ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ያደባልቃል። «ኦሪጅናል» የሚለውም ስሙን ብቻ ወይስ እያንዳንዱን ዕቃ እንደሚመለከት ካልተገለጸ ከዚሁ ችግር አያመልጥም።

ስለዚህ የሚከተለውን ልዩነት እናቀርባለን፦ «የተከፈተ»፣ ለባትሪ ለውጥም ቢሆን ክዳኑ ብቻ የተነሣ፤ «የተፈታ»፣ ማሽኑ ተበታትኖ የተገጠመ፤ «የተለወጠ»፣ ዕቃው በሌላ የተተካ፤ «የታደሰ»፣ ውጫዊ መልኩ የተወለወለ ወይም እንደገና የተቀባ። «ያልተፈታ» የሚለውም በዚሁ መሠረት ጥገና አለማግኘትን ብቻ ያመልክት።

የገበያውን ቃል መሻር የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ተግባር አይደለም፤ ፍቺዎቹን ለይቶ ማስፈር ግን ግዴታው ነው።